አክስቴ ያጠነችው የመኪና መብራት

ትናንት ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ቤት የተከራየው ወጣት መምህር ከመኪናው ፊት በርከክ ብሎ የፊት መብራቱን በጥርስ ሳሙናና በአሮጌ ካልሲ ሲፈትግ አገኘሁት። ስልኩን ጡብ ላይ አስደግፎታል፤ አንድ ሰውዬ እንዴት እንደሚታሽ በቪዲዮ ያሳየዋል። «ቢጫ ሆኖ መንገድ አላሳይ አለኝ፤ ቤት ውስጥም ይጠራል ይላሉ» አለኝ። «ይጠራል፣ ይጠራል» ብዬው አለፍኩ። የሳሙናው የናና ሽታ ግን እስከ ማጀት ተከተለኝና ሽንኩርት እየከተፍኩ ብቻዬን መናደድ ጀመርኩ። ሰው ይህን ያህል ዓመት ባለፈው ነገር ይናደዳል? እኔ እናደዳለሁ።

አባቴ የእህል ነጋዴ ነበሩ። ከብቸና ጤፍ ጭነው ሞጣ ያራግፋሉ፤ ሲመለሱ ደግሞ ከጥንት ደንበኞቻቸው፣ ከሞጣ ሙስሊም ነጋዴዎች ጨርቅና ጨው ይጭናሉ። መንገዱ ያኔ ኮረኮንች ነው። በክረምት ጭቃው ጎማ ይውጣል፤ በኅዳር ደግሞ አቧራው ከጤፍ እብቅ ጋር ተደባልቆ ጉሮሮ ይከረክራል። እህሉን የሚጭኑባትን ፒካፕ መኪና ሲገዟት አሮጌ ነበረች፤ እሳቸው ግን «ሙሽራዬ» ይሏታል። የሙሽራይቱ ሁለት የፊት መብራቶች ከፀሐዩና ከአቧራው ብዛት ደፍርሰው ያልታጠበ የጠጅ ብርሌ መስለው ነበር።

እውነቱን ለመናገር ግን ችግሩ የመብራቱ ብቻ አልነበረም። የአባቴ ዓይን ደክሞ ነበር። ይህን እኔ አውቃለሁ፤ እናቴ ታውቃለች፤ ጎረቤታችን የሆነችው የእናቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ጥሩወርቅም ታውቃለች። የሚናገር ግን የለም። በእኛ አገር ታላቅን ሰው «አያዩም» ማለት «ከሰው ተራ ወጥተዋል» እንደማለት ነው። አባቴም እንዳይታወቅባቸው የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ሰው ሰላም ሳይሉ ማለፍ ነውር ስለሆነ፣ ለይተው ያላዩትን ሁሉ አስቀድመው ሰላም ይላሉ። አንድ ቀን ደብረ ወርቅ መግቢያ ላይ መኪናዋን አቀዝቅዘው፣ ባርኔጣቸውን አንስተው፣ «እንደምን ሰነበቱ አባ? ቤተሰቡስ ደኅና?» አሉ። አጥር ላይ የተሰጣ ጋቢ ነበር። መልስ ሲያጡ «እኒህ ሰው ምን አኮራቸው!» ብለው እስከ ቤት ድረስ እንደተቀየሙ ሄዱ። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ ልሳቅ ወይስ ልጩኽ ግራ ገባኝ።

ይበልጥ የሚያናድደው እኔ መንጃ ፈቃድ ነበረኝ። የመምህራን ኮሌጅ ጨርሼ ምደባ በምጠብቅበት ጊዜ፣ ደብረ ማርቆስ ልከው መኪና ያስተማሩኝ ራሳቸው አባቴ ናቸው። «ልጄ ሾፌር ናት» እያሉ ላገኙት ሁሉ ያወራሉ። መሪውን ግን አይሰጡኝም። ጉድጓድ ሲመጣ «አባዬ፣ ጉድጓድ!» እላለሁ። «አይቼዋለሁ» ይላሉ። ከዚያ እንገባበታለን።

በዚያ ኅዳር አንድ ቀን ከሞጣ ስንመለስ ግንደወይን ላይ ምሳ ልንበላ ቆምን። የነቢያት ጾም ገብቶ ስለነበር የቀረበልን ስልጆ ነው፤ ሰናፍጩ አፍንጫ የሚሰነፍጥ፣ በትኩስ ጥቁር ጤፍ እንጀራ የሚበላ። እስካሁን እንደዚያ ያለ ስልጆ አልበላሁም። አባቴ ከአንድ የእህል ደንበኛቸው ጋር ወሬ ያዙና ስንነሣ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ትንሽ እንደተጓዝን ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ከፊታችን መንገዱ መሐል ሕፃን ያዘለች፣ እንስራ የተሸከመች ሴት አየሁ። አባቴ እንዳላዩዋት የገባኝ እግራቸው ከነዳጁ ላይ ሳይነሣ ሲቀር ነው። «ፍሬን! ፍሬን!» ብዬ ጮኽኩ። መኪናዋ ተንሸራታ ከሴትዮዋ ቀሚስ ጫፍ አጠገብ ቆመች። እንስራው ወድቆ ተሰበረ፤ ሕፃኑ ከጀርባዋ ላይ ሆኖ በትልልቅ ዓይኖቹ ያየናል።

አባቴ ወርደው ጉልበቷን ሊስሙ ደረሱ። ተመልሰው ገቡና በሩን በኃይል ዘጉት።

«ይኼ የተረገመ መብራት! ሰው ሊያስጨርሰኝ ነው!» አሉ።

በማግሥቱ እናቴ ጓሮ ወሰደችኝ። «መብራቱን አጥሪላቸው» አለችኝ።

«እማዬ፣ መብራቱ አይደለም እኮ!»

«አውቃለሁ። መብራቱ እስካልጠራ ግን ዓይኔ ነው አይሉም። ሰበቡን ውሰጂባቸው። ያኔ ራሳቸው መሪውን ይለቃሉ።»

«ለምን በግልጽ አንነግራቸውም? ትናንት ሴትዮዋን ከነልጇ ሊገድሏት እኮ ነበር!»

«እንግዲያው አንቺ ንገሪያቸዋ!» አለች።

እኔም አልነገርኳቸውም። እሷም አልነገረቻቸውም። እንግዲህ የአንዲት እናትና የሕፃኗ ነፍስ፣ የአባቴም ነፍስ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊድን ሲችል፣ እኛ ፕላስቲክ ልንፈትግ ወሰንን ማለት ነው። እስቲ ይህ ንዴት አያሳርርም?

አባቴ ለሽምግልና የተጠሩበትን ቀን ጠብቀን ጀመርን። መጀመሪያ በጥርስ ሳሙና አሸሁት። እጄ ናና ናና ሸተተ እንጂ ቢጫው ፈቀቅ አላለም። ይህን ጊዜ አክስቴ ጥሩወርቅ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ መጣች። አክስቴ ጠላ ጠማቂ ናት፤ በብቸና የእሷን ጋን ያህል የጸዳ ጋን አልነበረም ቢባል አልተጋነነም።

«በዚህ ጥርስ እንጂ ዕቃ ታጥቦ ያውቃል?» ብላ ከአጥሩ ሥር አንድ እቅፍ ግራዋ ቀጥፋ ተመለሰች። ቅጠሉ ሻካራ ነው፤ ጋን የሚታጠበው በእሱ ነው። ትንሽ እንደፈተገች ቆም አለችና «ውስጡስ? ጋን በውጭ በኩል ብቻ ይታጠባል?» አለችኝ። ውስጡም እርግጥ አቧራ ነበረበት። በካቻቢቴ ሁለቱንም መብራቶች ፈትቼ፣ አምፖላቸውን አውጥቼ ሰጠኋት። ውስጡ ጸዳ፤ ቢጫው ግን ከላይ ነውና እንዳለ ቀረ። መኪና ስማር፣ የደፈረሰ መብራት በውሃ በራሰ ብርጭቆ ወረቀት ተፈትጎ እንደሚጠራ ሰምቼ ነበር። ለእንጨት ማለስለሻ የሚሸጠውን ወረቀት ፍለጋ ገበያ ወጣሁ።

ስመለስ ግቢው ጭስ በጭስ ሆኗል። አክስቴ ሁለት ገል ላይ የወይራ ፍም አድርጋ፣ ሁለቱን መብራቶች በአፋቸው ደፍታባቸው፣ እጇን አጣጥፋ ቆማለች።

«አክስቴ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«አጥኜው ነዋ!» አለች። ከዚያ የእኔን ፊት ስታይ ራሷም ደነገጠች። «ወይ ጉድ! ጋን ታጥቦ ሳይታጠን ይተዋል? እጄ ልማዱን ሠራ እኮ ልጄ!»

ብድግ አድርጌ አየሁት። ቢጫው ቡናማ ሆኗል። እሳቱ ደካማ ስለነበር አልቀለጠም እንጂ ውስጡ ጥቀርሻ ለብሷል። አክስቴ አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተችውና «ጠረኑ ግን ደስ ይላል» አለችኝ። ያን ጊዜ አለቀስኩ። በኀዘን አይደለም፤ በንዴት። እናቴ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ቤት ገባች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ግን አይቻለሁ።

ሌላ ምን ይደረጋል? እንጨት ላይ ጨርቅ ጠምጥመን፣ በዱቄት ሳሙና ውስጡን እንደገና አጠብን። ከዚያ ውጩን በብርጭቆ ወረቀቱ ያዝኩት፤ መጀመሪያ በሻካራው፣ ቀጥሎ በለስላሳው፣ እናቴ ከላይ ውሃ እያፈሰሰችልኝ። አጓት የመሰለ ውሃ ወረደ። መብራቱ ይባስ ብሎ ነጣ። «አጠፋሽው!» አለች አክስቴ፣ ያጠነችው እሷ እንዳልሆነች ሁሉ። እኔም እንደገና በጥርስ ሳሙናው ማሸት ጀመርኩ፤ አሁን ቢጫው ስለለቀቀ ሠራ። ቀስ በቀስ ጠራ። ሦስታችንም ክንዳችን ሲዝል፣ በመብራቱ ውስጥ አሻግሬ የእናቴን ጣቶች ማየት ቻልኩ።

አባቴ ወደ ማምሻው ላይ መጡ። ተጠግተው በእጃቸው ዳሰሱት፤ ከዚያ አሸተቱት። «መኪናዬ ላይ ጠላ ልትጠምቁ ነው?» አሉ። ሆኖም ደስ ብሏቸዋል። «ነይ፣ እንሞክረው» ብለው ሞተር አስነሡ።

በደብረ ወርቅ መንገድ ከከተማ እንደወጣን ጀንበር ጠለቀች። አባቴ መብራቱን አበሩ። ብርሃኑ መንገዱ ላይ ወለል አለ፤ ጠጠሩ፣ የታጨደው የጤፍ ነዶ፣ የቦዩ ጠርዝ ሁሉ ታየኝ። አባቴ ግን ወደ መሪው ጎንበስ አሉ። ጎንበስ ብለው ትንሽ እንደነዱ መኪናዋን ዳር አስይዘው አቆሙ።

«በራ እንዴ?» አሉኝ።

«በርቷል አባዬ።»

«አጥርቶ?»

«አጥርቶ።»

«ምን ይታይሻል?»

ልዋሽላቸው ፈለግሁ። ነገር ግን ያቺ ሴት ከነሕፃኗ ፊቴ ድቅን አለች። «ድልድዩ ይታየኛል» አልኩ። «ከድልድዩ ወዲህ ሁለት አህዮች አሉ። የሚነዳቸው ሰውዬ ዱላ ይዟል።»

አባቴ ሞተሩን አጠፉ። ከዚያ በሩን ከፍተው ወረዱና እጃቸውን ኮፈኑ ላይ እያስደገፉ ዞረው በእኔ በኩል መጡ።

«ጥሩወርቅ በጭሷ መብራቱን አበላሽታዋለች» አሉ። «በዚህ መብራት እኔ ከእንግዲህ አልነዳም። አንቺ ልጅ ነሽ፤ ትለምጂዋለሽ። መሪውን ያዢ።»

ያዝኩ። እንባዬ እየወረደ ነዳሁ፤ እሳቸውም እስከ ቤት ድረስ «ማርሽ ቀይሪ! ቀስ በይ! እንዲህ ነው ደብረ ማርቆስ ያስተማሩሽ?» እያሉ አንገበገቡኝ።

በማግሥቱ አክስቴን በሰው ፊት ወቀሷት። ያልበደለችውን ነውና አሁን አንድ ነገር ትመልሳለች ብዬ ፈራሁ። አክስቴ ግን አንገቷን ደፍታ «አዎ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት። የጋን ልማድ ነው፤ ይማሩኝ» አለች። ከዚያ ወዲህ በየለቅሶውና በየሰርጉ፣ አባቴ ለምን መንዳት እንደተዉ የጠየቀ ሁሉ መልሱን ከእሷ አገኘ። ጠላ ጠማቂዋ ጥሩወርቅ የሰው መኪና አጥና አበላሸች ተብሎ ከተማው ሁሉ ሲስቅባት አብራ ሳቀች።

እናቴ «ወገቤን አመመኝ፣ አብረውኝ ይሂዱ» በሚል ሰበብ አባቴን ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። የዓይን ግፊት ነው ተባለ። የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን በጠብታ እናቆየዋለን አለ ሐኪሙ። «ምነው ቀደም ብላችሁ ብትመጡ?» ብሎም ጠየቀ። ምን ይባላል? አባቴ እስኪሞቱ ድረስ አንድም ቀን «ዓይኔ ነው» አላሉም። እኛም አላልንም።

ትናንት ያ መምህር መብራቱን ጨርሶ ጠራኝና አሳየኝ። ጠርቷል። አመሰገንኩት። የሚያናድደኝ መብራቱ እንዳልሆነ እሱ በምን ያውቃል? በመዋደድና በመከባበር ስም አፋችንን ለጉመን የምናጠፋው ጊዜ ነው የሚያናድደኝ። የአክስቴን ነገር ሳስብ ደግሞ ንዴቴም ያፍራል፤ እንደዚያ ያለ ፍቅር ዳግመኛ አላየሁማ።

ለልጆቼ ግን ገና ድሮ ቁርጡን ነግሬያቸዋለሁ። እርጅና ሲመጣብኝ በግልጽ ንገሩኝ፣ አልቀየምም፣ ዙሪያ ጥምጥም አትሂዱብኝ ብያለሁ። «እሺ እማዬ» ብለዋል ሁለቱም። ባለፈው እሑድ ከባሕር ዳር መጡና ምሳ እንኳ ሳይቀምሱ ወንበር ላይ ቆመው፣ ከሳሎን እስከ ማጀት ያለውን አምፖል ሁሉ እየፈቱ በደማቅ ቀየሩት።

«ምን ሆኖ ነው?» አልኳቸው።

እርስ በርስ ተያዩ።

«አምፖሎቹ አርጅተው ነው እማዬ» አለኝ ታላቁ።