የወንድሜ የኤልናታን ሻይ

ወንድሜ ኤልናታን ስዌት በእንግሊዝ ንጉሥ ላይ ያመፀው ሻይ ሊረክስበት ሲል ነው። ይህን የምለው ላሳጣው ብዬ አይደለም፤ ከተማው ሁሉ ያውቃል። እናታችን ስትሞት በዘጠኝ ዓመቴ ከትምህርት ወጥቼ ያሳደግኩት እኔ ነኝና ጠባዩንም አውቀዋለሁ። ክፉ ሰው አይደለም። ጥቅሙና ሕሊናው አንድ አልጋ ላይ ነው የሚተኙት፤ ጠዋት ቀድሞ የሚነሣው ግን ሁልጊዜ ጥቅሙ ነው።

ኤልናታን የሚሸጠው ሻይ የሆላንዶች ነበር። ከጨው ዓሣ በርሜሎች ሥር ተደብቆ ይመጣል፣ ቀረጥ ሳያይ ምድር ቤታችን ይገባል። ዲያቆኑ ሳይቀር ይገዛዋል። ከየት እንደመጣ አይጠይቅም፣ ኤልናታንም አይነግረውም። በዚህ ዓይነት ሁላችንም በሰላም እንኖር ነበር።

ከዚያ የእንግሊዝ ፓርላማ አንድ የለንደን ኩባንያ ሻዩን ባሕር አሻግሮ በቀጥታ ወደኛ ወደ ቅኝ ግዛቱ እንዲልክ ፈቀደ። ቀረጡ ተጨምሮበት እንኳ ከኤልናታን ሻይ ሊረክስ ነው። ነፃነት የምትባለው ነገር ወደ ቤታችን የገባችው ያን ሳምንት ነው። ቁርስ ላይ ነፃነት፣ እራት ላይ ነፃነት።

«ቀረጡ እኮ ከስድስት ዓመት በፊት የወጣ ነው፤ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልክ?» አልኩት።

«እትዬ፣ ያኔ አልገባኝም ነበር።»

«አሁን ምን አስገባህ?»

«ዋጋው» አለና ወዲያው አረመው፦ «ማለቴ፣ ዋጋው ወጥመድ ነው።»

የከተማው ስብሰባ በጸሎት ቤቱ ተጠራ። እኛ ሴቶች ድምፅ ስለሌለን በሩ አጠገብ ቆመን ሰማን። ኤልናታን ረጅም ንግግር አደረገ፤ እውነቱን ለመናገር ጥሩ ተናገረ፣ እኔም ትንሽ እንባ መጣብኝ። በመጨረሻ፣ የእንግሊዝ ሻይ የሸጠ፣ የገዛም ሆነ የጠጣ ሰው የአገር ጠላት ይባል አለ።

በርሜል ሠሪው ሲላስ ታርቦክስ ተነሣ። ሲላስ ሲናገር አይቸኩልም።

«ወንድም ኤልናታን፣ ልቤን ነክተኸዋል። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ሻዩ ፈልቶ ስኒ ውስጥ ከገባ በኋላ እንግሊዙን ከሆላንዱ በምን እንለየዋለን? በአነጋገሩ?»

ሰው ሣቀ።

«ስለዚህ ሻይ የተባለ ሁሉ ይከልከል። በየቤቱ ያለውም ሐሙስ ቀትር ላይ ሜዳው ላይ ይቃጠል።»

ምድር ቤታችን ውስጥ አሥራ አንድ ሣጥን ነበር። የኤልናታን ሀብት ሁሉ እሱ ነው፤ ሌላ ነገር የለንም። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው።

«ሐሳቡ መልካም ነው» አለ ድምፁን አለስልሶ። «ግን ነጋዴ በእጁ ያለውን እስኪጨርስ ጥቂት ጊዜ ቢሰጠው… እስከ ፀደይ…»

«ነፃነትም እስከ ፀደይ ትጠብቅህ?» አለው ሲላስ።

እጅ ወጣ። የወንድሜ እጅ ከሁሉም ዘግይቶ ተነሣ፤ ከሁሉም በላይ ግን ከፍ ብሎ ነበር።

ቤት ስንገባ «ሦስቱን አወጣለሁ» አለኝ።

«አሥራ አንድ ናቸው።»

«ማን ያውቃል?»

«ከጀልባ በትከሻው ያወረደው ሲላስ ነዋ።»

«ሲላስ ጨዋ ሰው ነው። በሰው ፊት አያወጣውም።»

ሐሙስ ሦስቱን ሣጥን በእጅ ጋሪ እየገፋ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። ሌላው ሰው በከረጢትና በቆርቆሮ ያመጣው እፍኝ እፍኝ ስለነበር ሕዝቡ እልል አለለት። ሲላስ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ወንድም ኤልናታን። የቀሩት ስምንቱ በእግራቸው ነው የሚመጡት?»

ማንም አልሣቀም። እዚያ ከቆሙት ወንዶች ግማሾቹ ሻዩ በመጣበት ጀልባ ቀዝፈዋል። ኤልናታን «ሸጥኳቸው» ሊል ይችል ነበር፤ አፉን ሲከፍት አይቻለሁ። ወደኔ ዞረ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ዕድሜዬን በሙሉ አፉን ስጠርግለት ኖሬአለሁ፣ ያን ቀን ግን ደከመኝ።

«ጋሪዬ ትንሽ ስለሆነች ነው» አለ። «ሰው ስጡኝ።»

ሰው ሰጡት። የዓሣውን በርሜሎች አንከባለው ሁሉንም አወጡ፤ የመጨረሻውን ሣጥን ራሱ ተሸከመ። እሳቱ ሲይዝ ሽታው ከተማውን ሞላው። ዲያቆኑ ጭሱ ወደሚነፍስበት ዞሮ ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ፤ የሚጸልይ ይመስል ነበር።

«እትዬ፣» አለኝ ኤልናታን ቀስ ብሎ፣ «የለንደኑ እንዲህ አይሸትም።»

«አይሸትም» አልኩት።

ሰኞ ለአመፁ ኮሚቴ መረጡት። ጠዋት ሄዶ ማታ ይመለስ ጀመር፤ ለሌሎቹ ወደቦች ደብዳቤ ይጽፋል፣ ከሲላስ ጋር ይከራከራል። አሁንስ አመፁ የምር ነበር። የሚሸጠው ነገር አልነበረውም።