የላይ ቤት ስልክ

ሳዋታኒ በወንዙ ዳር ዳገቱን ይዘው የተሠሩ ሰባት ቤቶች ናት። እዚያ ሰው በስሙ አይጠራም፤ በቤቱ ይጠራል። ከሁሉ በላይ ያለችው፣ የጽዱ ደን ሊውጣት የደረሰው የፉሚኖ ቤት «ላይ ቤት» ናት። ከእሷ ዝቅ ብሎ ድልድይ ቤት አለ፤ ከዚያ ሌሎች አራት ቤቶች፤ ከሁሉ በታች፣ አስፋልቱ ከሚጀምርበት ላይ፣ ታች ቤት። ፉሚኖ በሃያ ሁለት ዓመቷ ተድራ ከመጣች ጀምሮ ሃምሳ አራት ዓመት ሙሉ ላይ ቤት ስትባል ኖራለች። በስሟ የሚጠራት ባሏ ያኢቺ ብቻ ነበር። እሱም ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆነው።

ጉልበቷ እስኪደክም ድረስ ተራራው ላይ የጽድ ችግኝ ስትተክል፣ በጸደይ ሻይ ስትለቅም ኖራለች። ከዚህ ሌላ ደመወዝ የሌለው ሥራ ነበራት፤ ወንዙን መስማት።

ነገሩ የመጣው ከተዳረችበት ዓመት ነው። ከተራራው ማዶ የነበረ መንደር በአንድ ቀትር ጭቃ ውስጥ ገባ። ያኢቺ ሬሳ ሲያወጣ ሰንብቶ ተመለሰ። በዚያ ማታ የነገራት ይህን ነው፤ ዝናቡ ሲወርድ ወንዙ በድንገት ቀነሰ፣ ሰዎቹም ጎርፉ አለፈልን ብለው ምሳቸውን ሊበሉ ተቀመጡ። ለካ ከላይ ተራራው ተንዶ ውሃውን ዘግቶት ነበር። ውሃው ተጠራቅሞ ተጠራቅሞ ግድቡን ሲያፈርሰው ከነተራራው ወረደ።

ስልክ ወደ ሳዋታኒ ሲገባ ያኢቺ የመደዋወያ ተራ ጻፈ። ላይ ቤት ለድልድይ ቤት ይደውላል፤ ድልድይ ቤት ለሚቀጥለው፤ እንዲህ እያለ እስከ ታች ቤት ይደርሳል። አንዱ ካላነሳ ተዘልሎ ለሚከተለው ይደወላል። በመጨረሻ ታች ቤት መልሶ ለላይ ቤት ደውሎ «ደርሷል» ይላል። ወረቀቱ ከስልኩ በላይ በምስማር ተሰቀለ።

«ዝናብ እየጣለ ወንዙ ዝም ካለሽ ማንንም አትጠይቂ» ይላት ነበር። «ደውዪና ውጪ።»

በየወሩ መጀመሪያ ጠዋት ተራው ይሞከራል። ፉሚኖ ጣቷን እያስገባች የምታዞረውን ጥቁር ስልክ አንስታ ድልድይ ቤትን «ላይ ቤት ነኝ፣ ሙከራ ነው» ትላለች። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስልኩ ይጮኻል።

«ታች ቤት ነኝ። ደርሷል።»

«አመሰግናለሁ።»

ያው ነው፤ ይዘጋል። የታች ቤቱ ቶራኪቺና ያኢቺ በተራራው ደን ይዞታቸው ወሰን ላይ በቆሙ ሁለት ጽዶች ከተጣሉ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗል። ያኢቺ ሲሞት ቶራኪቺ መጥቶ ነበር፤ ደጅ ላይ በዝናብ ቆሞ አጎንብሶ ሄደ እንጂ አልገባም። ፉሚኖም ግቡ አላለችውም። ከዚያ ወዲህ በወር አንድ ቀን በዚህ ስልክ ካልሆነ አይነጋገሩም።

በነሐሴ መጨረሻ አንድ ሻጭ መጣ። አርባውን ያለፈ፣ ዳገቱ ያላበው ሰው ነበር። ፉሚኖ ቀዝቃዛ ሻይና በጨው ያሳደረችውን ኪያር አቀረበችለት። ሰውየው ጥቁሩን ስልክ አየው።

«እናቴ፣ ይኼ ስልክ በዕድሜ ይበልጠኛል።»

«አንተን ይበልጥህ ይሆናል። እኔን አይበልጠኝም።»

ሳቀና ወረቀቱን ዘረጋ። አሮጌው የመዳብ መስመር ቀኑ አልቋል፤ ዛሬ ባይሆን ነገ መቆረጡ አይቀርም። በኢንተርኔት የሚሠራው ስልክ ግን ቁጥሩ ሳይቀየር ይገባል፤ ልጅዎንም ፊቷን እያዩ ያናግሯታል አላት። ልጇ ሳናኤ ኦሳካ ነው የምትኖረው። ፉሚኖ ፊቷን ካየች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል።

«መብራት ሲሄድስ?» አለች።

ሰውየው ብዕሩን አስቀመጠ። እውነቱን መናገር ይገባል፤ አልዋሻትም።

«መብራት ከሄደ አይሠራም። ይኼ የእርስዎ ስልክ ኃይሉን በራሱ ሽቦ ከከተማ ያገኛል። አዲሱ የሚያገኘው ከግድግዳዎ ነው። እዚህ ተጽፏል፣ ፊደሉ ደቀቀ እንጂ። ግን ሞባይል አለ።»

«ሞባይል እዚህ የሚሠራው መቃብሩ ቦታ ሲወጡ ነው።»

«እዚያ ደግሞ ቢደውሉላቸውም የሚያነሱ የሉም» አለና ቀልዱ ከአፉ ከወጣ በኋላ ቆጨው። አንገቱን ደፋ።

ፉሚኖ አልተቆጣችም። «የታች ሰዎችስ ስለ መብራቱ ስትነግራቸው ምን አሉ?»

«ማንም አልጠየቀኝም። እርስዎ የመጀመሪያዋ ነዎት።»

«ማን ማን ወሰደ?»

«ያልወሰደ ቢፈለግ አይጠፋም። ግን ሁሉም ማለት ይቻላል።»

ወረቀቱን ትቶላት ሄደ። ፉሚኖ ሻዩን ሳታነሳ ምርኩዟን ይዛ ወረደች። የድልድይ ቤቷ ኖቡኤ ደጇ ላይ ባቄላ ትፈለፍል ነበር።

«አንቺ ድልድይ ቤት፣ ስልክሽን ቀየርሽ እንዴ?»

«ዛሬ ነው የሰማሽው? ሦስት ዓመቴ እኮ ነው። ምነው?»

«መብራት ሲሄድ ይሞታል አሉ።»

«ይሙታ። አንቺ አለሽልን አይደል? ላይ ቤት ያንን ጥቁር ጣዖቷን እስካልጣለች ድረስ ምን ያሰጋናል ብለን ነው ሁላችንም የቀየርነው።»

«ደግ። እኔ ብደውል አንቺ በምን ትሰሚያለሽ?»

ኖቡኤ መሳቅ ጀምራ ነበር። እጇ ባቄላው ላይ ቆመ።

«እሱን አላሰብኩትም» አለች ቀስ ብላ። ከዚያም ነገሩን ልታቀልለው ፈለገች። «እንግዲህ ሮጠሽ መጥተሽ ትነግሪኛለሽ።»

«በዚህ ጉልበቴ?»

ወንዙ ከሥራቸው ይጮኽ ነበር። ሁለቱም ሳይፈልጉ አዳመጡት።

በቀሩት አራት ቤቶችም መልሱ ያው ነበር። ሁሉም ቀይረዋል፤ ሁሉም በእሷ ተማምነው ነው የቀየሩት። ስድስተኛውን ቤት ጨርሳ ስትወጣ ታች ቤት ከፊቷ ነበር። ቶራኪቺ ጀርባውን ሰጥቶ ማጭድ ይስላል። መሳሉን አቆመ፤ ግን አልዞረም። ፉሚኖም ጥቂት ቆመችና ዳገቱን ተመለሰች። ሻጩ ሁሉም ማለት ይቻላል ብሏታል፤ ለአንድ ቤት ብላ የአሥራ አንድ ዓመት ዝምታ ልታፈርስ አልወደደችም።

ማታ ሳናኤ ደወለች። «እማ፣ በቃ ማኅተምሽን አድርጊበት። ብቻዋን የቀረች ስልክ ታቅፈሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

ልጇ ልክ ነበረች። የሚሰማው የሌለ ስልክ ምኑ ስልክ ነው? በማግስቱ ጠዋት ከያኢቺ ፎቶ ሥር ካለው መሳቢያ በፊርማ ፈንታ የምትመታውን ማኅተሟን አውጥታ ወረቀቱ ላይ መታች። ማኅተሙ ዘመም ብሎ ወጣ። ሠራተኞቹ ሊተክሉላት በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ሐሙስ ተቀጠሩ።

አውሎ ነፋሱ ከቀጠሮው ቀድሞ እሑድ መጣ።

ሰኞን ሙሉ ዘነበ። ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ መብራት ሄደ። ፉሚኖ የቀዘቀዘ ሩዟ ላይ ሻይ አፍስሳ ልትበላ ተቀመጠች። ዝናቡ የቆርቆሮውን ክፈፍ ይደበድበዋል። ሁለት ጊዜ ጎርሳ ማንኪያውን ልትደግም ስትል አንድ ነገር ጎደለባት። ምን እንደሆነ ወዲያው አላወቀችም። በቤቱ ውስጥ የኖረ ሰው ተነሥቶ የወጣ ያህል ተሰማት። ከዚያ ገባት። ወንዙ ዝም ብሏል።

ወደ ደጅ ወጣች። ሃምሳ አራት ዓመት አይታቸው የማታውቃቸው የወንዙ ድንጋዮች ጥቁር ሆነው ተገልጠዋል። በመሃላቸው የሻይ አተላ የመሰለ ቀጭን ውሃ ይንቆረቆራል። አየሩ አዲስ የተቆፈረ መቃብር ይሸታል። ዝናቡ ግን እንዳለ ነው።

ገብታ ጥቁሩን ስልክ አነሳች። ድምፁ እንደ ወትሮው ነበር። የኖቡኤን ቁጥር አዞረች።

«የደወሉላቸው ደንበኛ በአሁኑ ጊዜ ሊገኙ አይችሉም» አለች አንዲት ጨዋ ሴት፣ በተቀዳ ድምፅ።

ሁለተኛውን ደወለች፤ ያችው ሴት። ሦስተኛውን፣ ያችው ሴት። አራተኛውንና አምስተኛውን ስታዞር መዘውሩ ተመልሶ እስኪቆም ድረስ የሚፈጀው ጊዜ ያንገበግባት ነበር። ሴትዮዋ ግን አትቸኩልም፤ እያንዳንዱን ቃል በትሕትና ጨርሳ ነው ይቅርታ የምትጠይቀው።

ወረቀቱ ላይ አንድ ቁጥር ቀረ። ፉሚኖ እጀታውን ይዛ ቆመች። በዚያች ሰዓት ያሰበችው ስለ ጎርፉ ቢሆን ደግ ነበር፤ ያሰበችው ግን ስለ ሁለቱ ጽዶች ነው። ይህን በኋላ ለማንም አልደበቀችም። ምን ያህል እንደቆመች አታውቅም። ከጓሮ ድንጋይ ተንከባልሎ ግድግዳውን ሲመታ ነቃች። አዞረች።

አንድ ጊዜ ጠራ፤ ተነሳ።

«ታች ቤት ነኝ።»

«ላይ ቤት ነኝ። ወንዙ ዝም ብሏል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ምሳ ስበላ ነው። ማንም አያነሳም። የእርስዎ ስልክ...»

«የኔማ ያው ነው። ሻጩን አባረርኩት። ላይ ቤት እስካልቀየረች አልቀይርም ብዬ።» ከዚያ አሥራ አንድ ዓመት ያልሰማችው አንቺታ መጣ። «ፉሚኖ፣ ስሚኝ። አሁኑኑ ውጪ። ድልድይ ቤትን ይዘሽ ጉብታው ላይ ወዳለው ቤተ መቅደስ ውጪ። ሌሎቹን ለኔ ተዪልኝ።»

«ስታወራ ልትውል ነው እንዴ? ሂድ» አለችው።

በስሟ እንደ ጠራት ያስተዋለችው ዝናቡ ውስጥ ከገባች በኋላ ነው። ቁልቁለቱን በቂጧም በምርኩዟም ወረደችው። ከታች በኩል የእንጨት ማጋጫው ድምፅ ተሰማ፤ ቶራኪቺ በብርዱ ወራት ለእሳት ጥበቃ ሲዞር የሚያጋጫቸው ሁለት ደረቅ እንጨቶች ናቸው። ቀጭ፣ ቀጭ፤ ትንሽ ይቆማል፤ አንድ ቤት ወጣ ማለት ነው። ኖቡኤ በሯን ከፍታ «ምነው ጎርፉ ቀለለ አይደል?» ስትላት ፉሚኖ አልመለሰችም። እጇን ይዛ ጎተተቻት።

የመንደሩ አሥራ አንድ ሰዎች ሁሉ ቤተ መቅደሱ ደጃፍ ላይ እርጥብ ሆነው ቆሙ። ቶራኪቺ መጨረሻ ደረሰ፤ ትንፋሹ ሲያፏጭ ይሰማል። ወደ ወንዙ ቁልቁል እያዩ ብዙ ቆዩ። ኖቡኤ «የምድጃውን ጋዝ አልዘጋሁም፣ ልመለስና» ብላ አንድ እርምጃ ስትሄድ ቶራኪቺ ቀሚሷን ያዘ። መሬቱ በእግራቸው ሥር ተንቀጠቀጠ። ከዚያ የሆነው ከድምፅ ይልቅ ክብደት ነበር። ጽዶቹ ቆመው ሄዱ፤ እንደ ሰው ቆመው፣ ከነሥራቸው። ላይ ቤትና ድልድይ ቤት ከአንዱ ትንፋሽ እስከ ሌላው ድረስ አልቆዩም።

ከሁለት ወር በኋላ ፉሚኖ ከጎርፉ በኋላ ባለቤቱ ከተማ የገባ አንድ ባዶ ቤት ተሰጣት፤ ከመንደሩ መካከል፣ ከወንዙ ራቅ ያለ። ጥቁር ስልክ እንዲገባላት ጠየቀች። የላይኞቹ የስልክ ምሰሶዎች በጎርፉ ሄደዋል፤ የመዳብ መስመር እንደገና አይዘረጋም ተባለች። ደግሞም ማመልከቻዋ ቀድሞ ተመዝግቧል አሏት፤ ማኅተሟ ያለበት፤ ቀኑ ብቻ ተላልፏል። እውነትም አንድ ሐሙስ ሠራተኛ መጥቶ ነጭ ሳጥን ተከለላት። ሳጥኑ ላይ አንዲት አረንጓዴ መብራት ትበራለች። ሳናኤን ፊቷን እያየች አነጋገረቻት። ልጅቷ ከስታለች።

ቶራኪቺ ስልኩን አልቀየረም። በምሰሶው ጫፍ ላይ የቀረው ሽቦ ወደ እሱ ቤት ብቻ ይወርዳል። በወሩ መጀመሪያ ለራሱ ሌላ ጠርቦ ማጋጫውን በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣላት።

«ይኼ መብራት አይፈልግም» አለ፤ ደጅ ላይ ቆሞ።

«ግባ» አለችው። ገባ።

ከላይ አሁን ማንም የለም። የመካከሎቹ ቤቶች ከወንዙ ራቅ ይላሉ፤ ወንዙን የሚሰማ ጆሮ ያለው ቤት አንድ ታች ቤት ብቻ ነው፤ እሱም ከሁሉ በታች።

በሰኔ ዝናቡ ገባ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ።

«ታች ቤት ነኝ።»

«ላይ ቤት ነኝ» አለች፤ ላይ ቤት ባይኖርም።

«ወንዙ ከዚያ ይሰማሻል?»

«አይሰማኝም። ዝናቡን ብቻ ነው የምሰማው።»

«ቆዪ፣ መስኮቱን ልክፈትልሽ።»

እጀታውን ሲያወጣው ሰማች። ከዚያ ወንዙ መጣ፤ ሃምሳ አራት ዓመት ያስተኛት ያው ጉርምርምታ። ፉሚኖ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ሙሉ ነው፤ ከባድ ነው፤ ይወርዳል። ይወርዳል።

ቆመ።

ቀጥ ብሎ ነው የቆመው። እሷ ጋ ዝናቡ እየወረደ ነው።

«ታች ቤት» አለች። መልስ የለም።

ዞር ብላ ሳጥኑን አየች። አረንጓዴዋ መብራት ጠፍታለች። እንግዲህ የሄደው መብራቱ ነው ማለት ነው፤ ወንዙ ላይሆን ይችላል። ላይሆን ይችላል። ለማወቅ ግን የምትጠይቀው ሰው የላትም፤ ስልኩንም ብታነሳው ያቺ ጨዋ ሴት እንኳ የለችበትም።

ፉሚኖ ተቀምጣ አልጠበቀችም። ጫማዋን አጠለቀች፤ ማጋጫውን ከጨርቁ አውጥታ አንገቷ ላይ አንጠለጠለች፤ በሩን ከፍታ ወጣች። የመጀመሪያውን ቤት ደጅ ስትረግጥ ከታች በኩል የቶራኪቺን ማጋጫ ድምፅ ለመስማት ጆሮዋን አቀናች። የተሰማት ዝናቡ ብቻ ነው።

እንጨቶቹን አጋጨች።