ፈልጎ የማይመጣው ፈላጊ

«ያንተ ፈላጊ ፍለጋ ወጥቶ ቀረ እኮ! ሰው ጉንጩን ይዞ ተቀምጧል፣ ኮምፒውተሩ ያስባል። ዛሬ ካልተስተካከለ ዶክተሩ ነቅለው ይጥሉታል። ወንድሜ ነው ብዬ ያስገባሁት እኔ!»

ይህን የምትለው የጥርስ ክሊኒኩ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ የሚሰማው ታናሽ ወንድሟ። ሰውየው ኮምፒውተር የሚታዘዝበት የራሱ ትንሽ ቋንቋ ሠርቷል፤ በዓለም ላይ የሚጠቀምበት ይሄ ክሊኒክ ብቻ ነው። በቋንቋው ሆድ ውስጥ፣ «እንዲህ ያለ ጽሑፍ አምጣ» ሲሉት የሚያመጣ ፈላጊ አለ። የተማሩት ሬጉላር ኤክስፕሬሽን ይሉታል፤ ስሙ ከሥራው ይከብዳል።

ሰውየውን እቤት «ዞሮ ገጠም» ነው የሚሉት። መንገድ ከጠፋው አይጠይቅም፤ ወደ መታጠፊያው ይመለስና ሌላውን ይሞክራል። ለራሱ ሠርግ የደረሰው እንኳ እንግዳው በልቶ ሲያበቃ ነው። ፈላጊውንም በአምሳሉ ሠራው። ዜሮ የተደረደረበት፣ መጨረሻው የጎደለ የታካሚ ካርድ ቁጥር ሲያጋጥመው ዜሮዎቹን እንዲህ ከፋፍሎ ይሞክራል፣ ይመለሳል፤ እንዲያ ከፋፍሎ ይሞክራል፣ ይመለሳል። አንድ ዜሮ በተጨመረ ቁጥር ልፋቱ እጥፍ ነው።

ሰውየው መነጽሩን አውልቆ፣ የት እንዳኖረው ሳያይ፣ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። ቀና ሲል መነጽሩ የለም። መቼም ልማድ ነው፣ ከበሩ ጀመረ፦ አንድ ወንበር ሥር አየ፣ ወደ በሩ ተመለሰ፣ ሌላ ወንበር ሥር አየ፣ ተመለሰ። እህቱ ትንሽ ታገሰችና ወደ ወረፋው ዞረች።

«እባካችሁ፣ ሁላችሁም በያላችሁበት እዩልን።»

ወረፋው ባንዴ ጎንበስ አለ። ጉንጫቸው ያበጠ አንድ አባት «እዚህ ነው» አሉ። ተቀምጠውበት ኖሯል።

ሰውየው አንድ መስታወት የቀረውን መነጽር ይዞ ቆመ።

«እትዬ፣ ገባኝ። ፈላጊው በሁሉም መንገድ ባንዴ ይሂድ። ፊደሉን አንዴ ያንብብ፣ ያልሆነለት መንገድ እዚያው ይቅር።»

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ፣ ለእሱ ንገረው» አለች፣ ኮምፒውተሩን በአገጯ እያሳየች።

በአንድ ዓይኑ እያጮለቀ ፈላጊውን ከሥሩ አፍርሶ ሠራው። ክሊኒኩ ሊዘጋ ሲል እህቱ የአባትየውን ካርድ ፈለገች። ጣቷን ከቁልፉ ሳታነሳ ፈላጊው «የለም» አላት።

«ምኑን ፈለገ ይሄ?»

«ፈልጎ ነው ያጣው። መዝገብሽን እዪው።»

አየች። ለካ የአባትየውን ካርድ የመጨረሻ ቁጥር የዘለለችው ራሷ ኖራለች። አስተካክላ ብትፈልግ ወዲያው መጣ። ዶክተሩም አዩና አባትየውን ጠሩ፤ ፈላጊው ይቆይ ማለታቸው ነው።

የመነጽሩ ሂሳብ ሲመጣ እህቱ ሳትጠየቅ ከቦርሳዋ አውጥታ ከፈለች። ሰውየውን ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያስደነገጠው ይሄ ነው።