ነዳጅ ቆጣቢ እግር

የምነዳት መኪና ነዳጅ ስቆጥብ አረንጓዴ ቅጠል ታበራልኛለች። ቀስ ብዬ ስረግጥ፣ ቀይ መብራት ከሩቅ አይቼ እግሬን አስቀድሜ ሳነሳ ቅጠሏ ብቅ ትላለች፤ ጎበዝ መባሌ ነው። ሌላው ሰው ደስ ይለው ይሆናል። እኔን ግን ታንጨረጭረኛለች። ባየኋት ቁጥር ልጅነቴ ይመጣብኛል፤ ከልጅነቴም አንድ አርብ። ከዚያ አርብ ጋር እስከ ዛሬ አልታረቅሁም።

ያኔ እስራኤል፣ ረሆቮት ከተማ፣ ክፋር ግቢሮል የሚባል ሰፈር ነበርን። በሕንፃችን ካሉት የአገራችን ሰዎች መኪና ያለው አባቴ ብቻ ነው። ነጭ፣ አሮጌ፣ ወንበሯ በበጋ ጭን የሚልጥ፣ ውስጧ ሁልጊዜ ቤንዚንና የብርቱካን ልጣጭ የሚሸት። አባባ የሚነዳት በሕግ ነበር። ማዝጋን መክፈት ክልክል ነው፤ ማቀዝቀዣው ነዳጅ ይጠጣል። አውራ ጎዳና ላይ መስኮትም አይከፈትም፤ ነፋሱ መኪናዋን ይጎትታታል። ከሰማንያ በላይ አይኬድም። ከኋላ ዕቃ መጫኛው ትርፍ ዕቃ ከተገኘ ያ ቀን የቁጣ ቀን ነው። አርብ አርብ ጎማዎቹን በእጁ ይነፋል። ቁልቁለት ስንደርስ ማርሹን ነቅሎ ይለቃታል፤ እኔና ወንድሜ ዓይናችንን ጨፍነን የት ላይ እንደምትደክም እንወራረዳለን። ከኋላ ያለው ሹፌር ጥሩምባውን ሲያንባርቅብን አባባ «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል። ደስ ይል ነበር፤ አልክድም።

ቁጠባው ለራሱ አልነበረም፤ ለለቅሶ ነበር። ሰባት ቀን ለቅሶ ይቀመጣል፣ ዘመዱ ደግሞ በየከተማው ተበትኗል። ሰው በሞተ ቁጥር ጎረቤቱ ሁሉ መኪናዋ ውስጥ ይታጨቃል፤ ነዳጅ አዋጡ ማለት ነውር ነው። «በዘወትሩ ቀን ካልቆጠብሁ ለሐዘን ቀን ከየት አመጣለሁ?» ይል ነበር። ደግ ሰው ነው። የበለጠ የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ያን አርብ ጠዋት ግቢ ውስጥ ጎማ ሲነፋ ጎረቤታችን አያ ታከለ መጥቶ በጆሮው አንሾካሾከለት። ሩቅ ሰሜን፣ አፉላ ከተማ የምትኖረው አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ ሞታለች። ስልኩ የተደወለው ለእኛ ቤት ሳይሆን ለአያ ታከለ ነበር፤ በእኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ ነው፣ ባለቤቱ መጨረሻ ይሰማል። አገር ቤት መርዶ ነጋሪው ከሩቅ ሲደርስ ሟች ከተቀበረ ሰንብቷል፤ ቢያለሳልሰው ማንንም አይጎዳም። እዚህ ግን ሬሳ አይጠብቅም፤ ያውም አርብ፣ ሰንበት ሳይገባ መቀበር አለበት። ይህን አባባም አያ ታከለም ያውቃሉ። እያወቁ ልማዱን ያዙ።

«እናትሽ ትንሽ አሟቸዋል አሉ፤ ጠይቀናቸው እንምጣ» አላት አባባ እማዬን። እማዬ ለእናቷ ብርቱካን መርጣ በፌስታል ያዘችና ጭኗ ላይ አስቀምጣ ተሳፈረች።

አባባ እንደ ወትሮው ነዳ። ሰማንያ። መስኮቱ ዝግ፣ ማዝጋኑ ዝግ፣ እግሩ ቀላል። ቁልቁለት ላይ ማርሹን ነቀለ፤ እኛም ምንም ሳናውቅ ተወራረድን። እማዬ አንድ ጊዜ ብቻ «ትንሽ ፈጠን ቢሉ ምናለ» አለችው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አላት። ጠባዩን ስለምታውቅ ፌስታሏን ጭኗ ላይ አስተካከለች።

አፉላ ስንደርስ ሴቶች በግቢው ቧንቧ እጃቸውን እየታጠቡ ነበር። ከመቃብር የተመለሰ ሰው ሳይታጠብ ቤት አይገባም። እማዬ ከመኪናው ወርዳ መታጠባቸውን አየች። ማንም አንድ ቃል ሳይነግራት «ቀበራችኋት?» አለች። ሊይዟት ሲሮጡ እሷ የምታየው እነሱን አልነበረም። አባባን ነበር።

በሐዘኑ ሳምንት አባባ ለወንዶቹ ሲያወጋ ሰማሁት። «ፈጥኜ ብነዳ ትነቃብኝ ነበር። ከሰማንያ የማላልፍ ሰው መቶ ስረግጥ ብታይ ምን ትላለች?» «ደግ አደረግህ፤ መንገድ ላይ ደንግጣ ቢሆንስ» አሉት። አያ ታከለም ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ልጅ ነበርሁ፤ ደሜ ግን ፈላ። ዛሬም ይፈላል። እናቷን አፈር ሳታለብስ የቀረችን ሴት ከድንጋጤ አዳንናት ይሉኛል። እናንተ እኩዮቼ ታውቁታላችሁ፤ ከእናቶቻችን ስንቷ ናት ለታመመ ሰው ብርቱካን ይዛ ለቅሶ የደረሰችው? የገዛ እናትን ሞት ከጎረቤት በኋላ መስማት ርኅራኄ ከሆነ፣ ጭካኔ የሚባለው የቱ ነው?

ባለፈው ክረምት ነታንያ የሚኖሩት የአባባ ታላቅ ወንድም፣ አያ መለሰ፣ ሞቱ። የደወለልኝ ልጃቸው ነው። እዚሁ አገር የተወለደ፣ ንግግሩ ግማሹ ዕብራይስጥ የሆነ ልጅ ነው፤ መርዶ ሲሆን ግን ልክ እንደ አያ ታከለ ሆነብኝ። «ለአባትሽ እንዳትነግሪያቸው፣ ቤሰደር? እሺ በይኝ። አባቴን አሟቸዋል በያቸውና አምጪያቸው። ሌቫያው፣ ቀብሩ፣ ከቀትር በፊት ነው፤ ያላ፣ ቶሎ ድረሱ።»

«ቤሰደር አይደለም» አልሁትና ስልኩን ዘጋሁበት።

ክፋር ግቢሮል ሄጄ፣ አባባና እማዬ ደጅ ቆመው ሳሉ፣ ሳላለሳልስ ነገርኋቸው። «አባባ፣ አያ መለሰ ሞተዋል። ቀብሩ ከቀትር በፊት ነው፤ አሁን ከተነሣን እንደርሳለን።» አባባ የመኪናውን በር ይዞ አለቀሰ። አለቀሰ እንጂ አልወደቀም፣ ልቡም አልቆመም። ከዚያ ፊቱን ጠርጎ ከጎኔ ተቀመጠና ቀበቶውን አሰረ። እማዬ ከኋላ ገባች።

ያኔ ከኋላ ወንበር ሆኜ የምስቅበት እግር ዛሬ የእኔው ሆኗል፤ አውራ ጎዳናው ላይ ሳይታወቀኝ በዘጠና እሄዳለሁ። አባባ ሰዓቱን አየ። ፍጥነት መለኪያውን አየ።

«ጨምሪ እንጂ ልጄ» አለ። «ነዳጅ ለመቼ ነው?»

እንዲህ ሲል በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። ጨመርሁ።

«ለእኔ እናት ጊዜስ?» አለች እማዬ ከኋላ። አልጮኸችም፤ እንደ ተራ ጥያቄ ነው የጠየቀችው። አባባ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔም እስከ ነታንያ ድረስ እግሬን ከነዳጁ ላይ አላነሳሁም።