ጣሳው ከአልጋየ ሥር ነበር

የድምፅ መልእክቱን ሦስት ጊዜ መልሸ ሰማሁት። ከመተማ የላከችው የእትየ የሽ የእህት ልጅ ናት። «እትየ የሽ ዛሬ ጧት አረፉ፤ ከሰዓት እንቀብራቸዋለን» ትላለች። ሌላ የሽ ይሆናል ብየ ነበር። ባለፈው እሑድ እኮ በስልክ አብረን ስንስቅ ነበር።

ይኸን ስጽፍ ከምሠራበት የሰሊጥ ማበጠሪያ ደጃፍ ቁጭ ብያለሁ። አሁን ተነስቸ ወደ ድንበሩ፣ ወደ ጋላባት ብሮጥም ለቀብሩ አልደርስም። ደክሞኛል። ለቅሶም ጉልበት ይፈልጋል።

ለማታውቋቸው፦ እትየ የሽ እዚህ ገዳሪፍ የሰፈራችን አዋላጅ ነበሩ። እኔንም ከእናቴ ሆድ የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው። ከጎንደር ሲሰደዱ ልማዳቸውን ይዘው ነው የመጡት፤ ሕፃን ሲወለድ በየጧቱ በጣታቸው ቅቤ ያስውጣሉ። «አንጀቱ ይለስልስ» ይላሉ። እዚህ ሰፈር ያልዋጠ የለም።

ልጀ ረድኤት የሱዳኑ ጦርነት በገባ ዓመት ተወለደች። ጡቴ እምቢ አለ። ተራውን የጣሳ ወተት ብንሰጣት ሆዷ ተነፋ፣ ሰገራዋ ላይ ደም ታየ። ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኛን። ሐኪሙ የላም ወተት እንደማይስማማት ነገረኝና ለእንደሷ ዓይነቶቹ ተብሎ የተሠራ ሌላ ወተት አዘዘ። «ከዚህ በቀር ከላም የወጣ ነገር በአፏ እንዳይገባ» አለኝ። ሰምቻለሁ። ገብቶኛል።

ጣሳውን ይዠ ቤቴ ገባሁና «ጡቷ ነጠፈ» እንዳይሉኝ ከአልጋየ ሥር ሸሸግሁት።

በማግሥቱ እትየ የሽ ቅቤያቸውን ይዘው መጡ። «በይ አፏን ክፈችልኝ» አሉኝ። ከፈትሁላቸው። እኔን የተቀበለኝን እጅ «ተዉ» ማለት ነውር መሰለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ልጅቱ ፊቷ አበጠ፣ ታስመልስ ጀመር፣ ከዚያ እንደ ጨርቅ ዝልፍልፍ አለች። በሩክሻ፣ በባጃጅ ይዘናት በረርን። ሐኪሙ ምን እንደሰጠናት በቁጣ ሲጠይቅ እኔ መሬት መሬት አያለሁ። እትየ የሽ ደረታቸውን መታ አድርገው «አና» አሉት፣ «እኔ» ማለታቸው ነው፣ በዚያች በሚያውቋት ዐረብኛ። ቀጥለው ለሆስፒታሉ አስተርጓሚ «ያስዋጥኋት እኔ ነኝ። እሷ አታውቅም» አሉ።

ረድኤት ተረፈች። እኔም ዝም አልሁ።

ከዚያ በኋላ ያን ወተት ፍለጋ የእሳቸው ሥራ ሆነ። ከካርቱም የሚመጣው ሲቋረጥ ከፖርት ሱዳን፣ እሱም ሲጠፋ በመተማ በኩል። ማንበብ አይችሉም። ባዶውን ጣሳ በነጠላቸው ቋጥረው በዚያ ፀሐይ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት ይዞራሉ። ባለ ሱቁ «ሁሉም ወተት ነው፣ ሐጃ» ብሎ ሌላ ሲያቀርብላቸው፣ የራሳቸውን ፈተው ከጎኑ ያቆሙና «ጣሳው ይመስክር» ይላሉ። ጣሳው ላይ አንዲት መስመር ከተለየች አይወስዱም። አንድ ቀን ወተቱን ቀምሰው ፊታቸውን አጨማደዱ፦ «ይኸስ ኮሶ ነው። ምስኪን፣ ይኸን እየጠጣሽ ነው የምትስቂልኝ?»

ደግሞ ሴት በወለደች ቁጥር ሄደው ደጃፉ ላይ ይቀመጣሉ። ቅቤ ይዛ የመጣችውን ሁሉ «ቆይ አንች፣ መጀመሪያ ሐኪም ምን አለ?» ይላሉ። ከሳቁባቸው የረድኤትን ነገር ያነሳሉ። «ያስዋጥኋት እኔ ነኝ» ይላሉ፣ ሳያፍሩ፣ ለመጣው ሁሉ።

ሰው ምን አላቸው? «እጇ ከባድ ነው» አላቸው። «ሕፃን ልትገድል ነበር» አላቸው። ቀስ በቀስ ለማዋለድ የሚጠራቸው ጠፋ። ያን ሁሉ ሕፃን የተቀበለ እጅ ባዶውን ቀረ። ወፍጮ ቤት ሲያሟቸው እየሰማሁ ወረፋየን ጠብቄ፣ ዱቄቴን ይዠ ወደ ቤቴ እገባ ነበር።

ወደ መተማ ለሕክምና ከመሄዳቸው በፊት ጠጉሬን ሲሠሩኝ አንገቴን ደፍቸ ነገርኋቸው። ፊታቸውን ስለማላይ ቀለለኝ መሰለኝ። «እትየ፣ ሐኪሙ ነግሮኝ ነበር። ጣሳው ከአልጋየ ሥር ነበር» አልሁ።

እጃቸው አላቆመም።

«አውቃለሁ» አሉኝ። «ከቅቤው በኋላ ሆስፒታል እያላችሁ ቤትሽን ስጠርግ አይቸዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«አንች ገና ልጅ ታሳድጊያለሽ። የእኔ ትከሻ ለምዷል። ኸላስ፣ በቃ፣ ራስሽን አታነቃንቂ፣ ሹሩባው ይጣመማል።»

አለቀ። ሁለተኛ አላነሱትም። እኔም ይኸው እስከ ዛሬ ጧት ለማንም አልተናገርሁም።

ረድኤት አሁን ሦስት ዓመቷ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ትሮጣለች። እንደ አያቷ ቆጥራቸው «ሐቦባ የሽ መቼ ትመጣለች?» እያለች ትጠይቀኛለች።

እትየ፣ ይኸን በስሜ የለጠፍሁት የሰፈራችን ሴቶች እንዲያነቡት ነው። ዘገየሁብዎ። በሕይወት እያሉ አንዲት ሴት እንኳ መጥታ «ያዋልዱኝ» እንድትልዎ ማድረግ እችል ነበር፤ አላደረግሁም። ለዚህ ምንም ማስተባበያ የለኝም።

ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ አዲስ አራስ አለች። ነገ እሄዳለሁ። እርስዎ ይቀመጡበት የነበረው ደጃፍ ላይ ተቀምጨ፣ ቅቤ ይዛ ለመጣችው ሁሉ «እያወቅሁ አፏን የከፈትሁላቸው እኔ ነኝ» እላለሁ። የሚሉኝን ይበሉኝ።

በሰላም ይሂዱ፣ እትየ የሽ። ሸክሙ የእኔ ነበር፤ አሁን ከትከሻዎ ያውርዱት።