መስከረምን የመረጥኩላት እኔ ነኝ

ይህን ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። እሳቸው ዘንድ ስቀርብ የምናዘዘው ጾም መግደፌንና ምላሴን ነው፤ እሳቸውም ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይሸፍኑና ይፈቱኛል። ደሴ ውስጥ እኔን በቁም ነገር የሚሰማ ሰው የለም። በጉም ቀን ከገዛ ደጃፌ ቆሜ፣ መንገደኛ አስቁሜ፣ "የኔ ቤት በየት በኩል ነው?" ብዬ ጠይቄያለሁ እያልኩ ስምል የኖርኩ ሰው ነኝ። ፎቶ አንሺ ነኝ። ሰውን አስቀዋለሁ፣ ሲስቅም አነሳዋለሁ። እናንተ ግን ለዛሬ አትሳቁልኝ።

የበደልኩት ትርንጎን ነው። ከእሷም በላይ አባቷን።

ትርንጎ የደሴ ዙሪያ ገበሬ ልጅ ናት። ከተማ ቤት ተከራይታ ስትማር ከስቱዲዮዬ አትጠፋም ነበር፤ ቀልዴ ባለቀ ቁጥር እሷ ትጨምርልኛለች። ከዚያ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራ ሙሉጌታ የሚባል ልጅ ወደደች። አባቷ ጋሽ ይመር ግን መሬት የሌለው ሰው ሰው አይመስላቸውም። እንዲህ ሲሆን በእኛ ዘንድ መንገዱ የታወቀ ነው። ሁለቱ ጠፍተው ይጋባሉ፤ ሽማግሌ ይላካል፤ አባት ይቆጣል፤ ልጆቹ ድንጋይ ተሸክመው እግሩ ላይ ይወድቃሉ፤ አባትም ይታረቃል። እነሱ የፈለጉት ጦሳ ተራራ ላይ ወጥተው፣ ሜዳ ላይ፣ ጥቂት ምስክር ይዘው መጋባት ነበር። ፎቶውን እኔ እንዳነሳ፣ ወቅቱንም እኔ እንድመርጥ ለመኑኝ።

"ዝናቡን ለኔ ተዪልኝ" አልኳት፤ "ከደመናው ጋር ዘመድ ነኝ።"

"ጋሼ፣ ለዝናቡማ ጃንጥላ አለኝ" አለች። "አባዬን ነው የፈራሁት። አንተ ታውቀዋለህ፣ በጨዋታ አስመስለህ ጠይቅልኝ። ልቡ የሚራራው መቼ ነው?"

እውነትም አውቃቸው ነበር። ገበያ ውለው ሲመለሱ ስቱዲዮዬ ደጃፍ ተቀምጠው እግራቸውን ያሳርፋሉ። በሚቀጥለው ገበያ ጠየቅኳቸው።

"ጋሽ ይመር፣ ሴት ልጅ ልትጠፋ ብትነሳ በየትኛው ወቅት ብትጠፋ ይሻላል?"

"ለምትጠፋው ነው ወይስ ልጅ ለሚጠፋበት አባት?" አሉኝ።

"ለሚጠፋበት።"

ሳቁ። ከዚያ በትራቸውን መሬት ላይ እያሽከረከሩ አሰቡበት። "እንግዲያ ጥር ነው። እህሉ ገብቷል፣ ጠላው ተጠምቋል። ሽማግሌ ቢመጣ ትንሽ ትቆጣለህ፣ ወግ ነው፤ ከዚያ ታበላለህ፣ ታጠጣለህ፣ ትመርቃለህ። መስከረም ላይ ከሆነ ግን ጉድ ነው። ያኔ ጎታው ባዶ ነው። በባዶ ቤት ማን ይታረቃል? እርቅ እኮ ከጓዳ ነው የሚወጣው።"

ሰማችሁ? ጥር አሉ። ከዚህ በላይ ግልጽ ንግግር ከየት ይመጣል?

እኔስ ለትርንጎ ምን አልኳት? "መስከረም ብለዋል" አልኳት። "በመስከረም ልባቸው ቅቤ ነው አሉ።" ይህን አልኩ። እኔ። በዚህ አፌ።

ለምን? ጥር ላይ ጦሳ ድርቆሽ ነው፤ ሣሩ ደርቆ፣ አቧራው ቦኖ፣ ሙሽራ ብታቆሙበት የተረሳች ነዶ ትመስላለች። መስከረም ላይ ግን ተራራው በአደይ አበባ ቢጫ ይሆናል፤ ዝናቡ አየሩን አጥቦት ኮምቦልቻ ድረስ ቁልቁል ይታያል። ከመንገዱ ማዶ አዲስ ስቱዲዮ ተከፍቶ ነበር፤ ፏፏቴ የተሳለበት ጨርቅ ሰቅሎ ደንበኞቼን ሁሉ ወስዶብኛል። እኔ ደግሞ እውነተኛ ተራራ፣ እውነተኛ አበባ፣ እውነተኛ ሙሽራ በመስታወቴ ላይ ልሰቅልበት ፈለግሁ። ይኸው ነው። የአንድ ሰው አባት በፏፏቴ ጨርቅ ተለወጠ።

ደግሞ አማረ! ፀሐይ ወጣች፣ ጉሙ ከእግራቸው ሥር ተኛ፣ ትርንጎ አበባው መሀል ቆማ ሳቀች። እንደዚያ ያለ ፎቶ በዕድሜዬ አላነሳሁም። ባላማረ ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ። ዝናብ ደብድቦን ቢሆን ኖሮ ቢያንስ እኔም የምቀጣው ቅጣት ይኖረኝ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ጋሽ ይመር ቤት ሲደርሱ በሩ ገርበብ ብሎ ቆያቸው። ግቡ አላሉም። ከጎረቤት ይበደሩ ነበር እንዳትሉኝ፤ እሳቸው ከመበደር መራብ የሚመርጡ ሰው ናቸው። ለሽማግሌ የሚያቀርቡት ቁራሽ የለም፤ "የለኝም" ማለት ደግሞ ሞት ነው። ስለዚህ ከሞት የቀለለ የመሰላቸውን ተናገሩ። "ሚካኤልን! ልጅ የለኝም፤ ሂዱ።" ትርንጎና ሙሉጌታ ድንጋዩን እንደተሸከሙ ከግቢው ውጭ ቆመው ሰሙት።

በማግስቱ ደወለችልኝ። አላለቀሰችም። "ጋሼ፣ እውነት መስከረም ብሎህ ነበር?"

እዚህ ላይ ማምለጥ እችል ነበር። "አላሉም" የሚል አንድ ቃል ነው። "ብለዋል" አልኳት።

"እንግዲያ አጠመደኝ" አለች። "ራሱ ጠርቶ በሰው ፊት ሊያዋርደኝ ነው።" ስልኩን ዘጋች።

ጋሽ ይመር ከዚያ በኋላ ለገበያ ሲመጡ ደጃፌ አልተቀመጡም። መስታወቱ ላይ የሰቀልኩት ፎቶ ፊት ቆመው ልጃቸውን ብዙ አዩዋት። ወጣሁ። ያውም ቀልድ ፍለጋ አፌን ከፍቼ።

"በጨዋታ መስሎኝ የልቤን ነገርኩህ" አሉኝ፤ ዓይናቸውን ከፎቶው አላነሱም። "እዚህ ላይ የምትስቀው የእውነቷን ነው ወይስ አንተ አስቀሃት ነው?"

"የእውነቷን ነው ጋሽ ይመር።"

"ደግ። መሐላውን ቄሱ ይፈቱልኛል። ጥር ሲገባ ሽማግሌዎቹን መልሳ ትላክ በላት። እጠብቃለሁ። ያን ጊዜ ቤቴ ባዶ ነበር ብለህ ግን እንዳትነግራት፤ እኔ ራሴ እነግራታለሁ።"

"አብሽሩ፣ እነግራታለሁ" አልኩ።

አልነገርኳትም።

ጥር ብዬ ብነግራት "ታዲያ ፊትስ ምን ብሎህ ነበር?" ትለኛለች። ትርንጎ ሞኝ አይደለችም። ሁለቱን ወራት አስተያይታ ውሸቴን ታገኘዋለች። ነገ፣ አልኩ። ገና ይለፍ፣ አልኩ። ጥምቀት ይለፍ፣ አልኩ። ለከተማው ሁሉ ወሬ ሳዳርስ የኖርኩ ሰው ይህቺን አንዲት መልእክት ኮምቦልቻ ድረስ ማውረድ አቃተኝ! በሚኒባስ እንኳ ቁልቁለት እኮ ነው። እሷም በበኩሏ ሽማግሌ አልላከችም፤ ያጠመዳት አባት ዘንድ ሁለተኛ ማን ይልካል?

በኋላ ከጎረቤታቸው ሰማሁ። ጋሽ ይመር ጥርን ሙሉ ጠላ አስጠምቀው፣ ሙክት አስረው፣ መንገድ መንገድ ሲያዩ ከረሙ። ጠላው ሆመጠጠ። ሌላ አስጠመቁ። የካቲት ላይ በጉን ፈቱት። ክረምቱ ሲገባ ታመው ሞቱ።

ቀብሩ ላይ ትርንጎ ነበረች። ከዘመድ ጋር አልቆመችም፤ ከሩቅ እንደመጣ እንግዳ ከኋላ ቆማ ነበር። ሁሉም ሲያለቅስ እሷ አላለቀሰችም። እኔ ሂጄ ትከሻዋን ያዝኩ፣ አጽናናኋት። አዎ፣ እኔ! የሳቸውን ቃል በኪሴ እንደያዝኩ አጽናናኋት።

ከጥቂት ሳምንት በፊት ልነግራት ወርጄ ነበር። ከቀብሩ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል፤ ወንድ ልጅ ወልዳ፣ ልጁ አድጎ ትምህርት ቤት ሊያስገቡት ነው። ገና ስገባ "ጋሼ መጣ!" ብላ ሳቀች፤ እኔም ቀለድኩ፣ ሙሉጌታ ሆዱን ይዞ ሳቀ። መሀል ላይ ልጁን ትምህርት ቤት "የእናትህ አባት ስሙ ማነው?" ብለው ይጠይቁታል ብዬ ነገሩን ወደ አባቷ ጎተትኩት። ፊቷ ተዘጋ። "የሱን ስም እዚህ ቤት አናነሳም" አለች። ምሳዬን በልቼ ተመለስኩ። በላሁም።

ስለዚህ ጻፍኩት። ፊቷን እያየሁ ከሆነ እቀልዳለሁ፤ ወረቀት ላይ ግን የሚስቅልኝ የለም። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ ያኔም ጸጉሬ ሸብቷል። ሳላውቅ ነው አልልም፤ ከአፋቸው ሰምቻለሁ። ረሳሁትም አልልም።

ትርንጎ፣ አባትሽ አላጠመዱሽም። ጥር ነው ያሉት፤ መስከረም ያልኩሽ እኔ ነኝ። ያን ቀን ያባረሩሽ ለሽማግሌ የሚያቀርቡት ስላጡ ነው፤ ይህን ራሳቸው ሊነግሩሽ ነበር። በጥርም ጠብቀውሽ ነበር፤ ቀረሽባቸው፣ እኔ ነኝ ያስቀረሁሽ። እኔን ይቅር አትበዪኝ፤ ስሜን ከቤትሽ አውጪው። የሳቸውን ስም ግን መልሺው። ልጅሽ ይመርን ይወቅ። አንቺም እባክሽ፣ አልቅሺላቸው።