ፈንታነሽ ያልዘፈነችበት ሰርግ

እናቴ ፈንታነሽ ሞጣ ተወልዳ ቢቸና ኖረች። ሥራዋ ዘፈን ነበር። ስማቸው የሚባለው አባቴ ማሲንቆ ይመታል፣ እሷ ትቀበላለች። ግጥሙን የምታወጣው ግን እሷ ነበረች፤ አባቴም ይህን ለመናገር አያፍርም ነበር። በጥር ከሰርግ ሰርግ ይዞራሉ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ማሲንቆው በጨርቅ ተጠቅልሎ ይሰቀላል፤ እስከ ፋሲካ አባቴ ሰው እርሻ ላይ ይውላል፣ እናቴ ጥጥ ትፈትላለች።

ከሞተች ሁለት ዓመት ሆናት። ከዚህ በታች ያለውን አብዛኛውን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ የቀረውን አጎቴ አምባቸው ሞልቶልኛል።

ከእኔ በፊት የወለደቻት ልጅ በሰባ አንድ ቀኗ ሞተች። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነውና ሳትጠመቅ፣ ያለ ፍትሐት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተቀበረች። እናቴ ለመሳለም ስትሄድ በዚያ በኩል አታልፍም ነበር፤ አጭሩ መንገድ ግን በዚያ ነበር።

እኔ የተወለድሁት በ1951 ዓ.ም. ኅዳር 4 ቀን ሐሙስ ማታ ነው። አባቴ በጣቱ ቆጥሮ ሰማንያኛው ቀን ጥር 23፣ ቅዳሜ እንደሚውል ተናገረ። ቀኑ የጊዮርጊስ በመሆኑ ደስ አለው። የንስሐ አባታቸው አባ አካለ ወልድም በዚያው ቀን ሁለቱም አብረው እንዲቆርቡና ትዳራቸው በቁርባን እንዲጸና ፈቀዱ። አዝማሪ አናቆርብም የሚሉ ካህናት ነበሩ። አባ ግን እናቴን «ዘፈንሽን ተዪ አልልሽም፤ ምን ትበያለሽ? በጾምና በቁርባን ቀን ግን አፍሽ የቤተ ክርስቲያን ነው» ብለዋት ነበር።

በማግስቱ እሑድ ደግሞ የግራዝማች ኃይለ ሚካኤል ልጅ ሰብለ ወንጌል ታገባለች። በቢቸና ዙሪያ ከዚያ የሚበልጥ ሰርግ በዚያ ዓመት አልነበረም፤ የግራዝማችን ቤት ያስደሰተ አዝማሪ ሌላው ባለጸጋ ሁሉ ይጠራዋል። እናቴና አባቴ እንዘፍናለን ብለው ቃል ሰጡ። እናቴ የሙሽራይቱን ግጥም ያወጣችው በነቢያት ጾም፣ እኔን እያጠባች፣ ድምፅ ሳታሰማ ነው።

ሐሙስ፣ አስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ አባ ስለ ክርስትናው ሊነጋገሩ ቤት መጡ።

«በስንት ሰዓት ነበር የተገላገልሽው?» አሏት።

«ማታ ነው፣ አባ። ከብቱ ገብቶ፣ መብራት በርቶ።»

«ፀሐይ ጠልቃ ነበር?»

«ጠልቃ ነበር።»

«እንግዲያማ የሐሙስ አይደለችም። ከመሸ በኋላ ያለው ለዓርብ ነው የሚቆጠረው። ሰማንያዋ እሑድ ነው።»

አባቴ መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ነበር። «አባ፣ ለአንድ ምሽት ነው እንዴ?»

«ቅዳሜ ባጠምቃት በሰባ ዘጠኝ ቀኗ አጠመቅኋት ማለት ነው። አላደርገውም።»

«ወደ ሰኞ ቢያልፍስ?»

«ማሳለፍ ይቻላል። ችግር ያገኘው ሰው ያሳልፋል።»

«አይሆንም» አለች እናቴ። «ያቺኛዋ ዘጠኝ ቀን ብቻ ነበር የቀራት። እዚህችኛዋ ላይ አንድ ቀን አልጨምርም።»

ችግሩ ቆርቦ የወጣ ሰው እስኪነጋ አይተፋም፣ አይጮህም፤ አፉን በነጠላ ሸፍኖ ነው የሚውለው። አባቴ ትንሽ አሰበና «አንቺ ልጅሽን ይዘሽ ቁረቢ፤ እኔ ልቅርና ሰርጉን ብቻዬን ልወጣው» አላት።

«ብቻዋን ከማን ጋር ላጋባት?» አሉት አባ።

ዓርብ ጠዋት አባቴ ወደ ግራዝማች ደጅ ሄደ። ግራዝማች ዳሱን በሚተክሉት ሰዎች መካከል ቆመው ነበር።

«አዝማሪም መቁረብ ጀመረ?» አሉት።

«እግዜር ከፈቀደ፣ ጌታዬ።»

«የእኔ ሰርግ ሲደርስ ነው የፈቀደልህ?» ሰዎቹ ሳቁ። «ሂድ ቁረብ። እኔ በሰርጌ ቀን የተዘጋ አፍ ከእንግዲህ ደጄ ላይ እንዲከፈት አልፈልግም።»

ሞጣ የሚኖረው የአባቴ ታናሽ ወንድም አምባቸው ለሌላ ሰርግ አምበር መጥቶ ነበርና ያን ዕለት ከግራዝማች ቤት በቅሎ ተላከበት፤ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ማሲንቆውን አንግቶ ደረሰ። መጀመሪያ የመጣው እኛ ቤት ነው።

«እትዬ፣ እኔ የሙሽራይቱን ወገን አላውቀው፣ የሙሽራውን አላውቀው። የማን ልጅ ማን እንደሆነ ሳላውቅ ምን ብዬ ላወድስ? መዋረዴ ነው» አላት።

እናቴ አጠገቧ አስቀመጠችው፤ የአያቶቹን ስም ከነማዕረጋቸው፣ የማን ፈረስ ማን እንደሚባል ነገረችው። ከዚያ ያወጣችውን ግጥም ከመጀመሪያው ጀመረችለት።

«ሁሉንም ልትሰጪው ነው?» አላት አባቴ።

«ልጅቱ ምን በደለች?»

አምባቸው እየደገመ ያዘው። ቀትር ሲሆን የቁርባኑ ጾማቸው ስለገባ ውኃ እንኳ በአፏ ሳይዞር ማስተማሯን ቀጠለች።

እሑድ ተጠመቅሁ። የክርስትና ስሜ አመተ ሥላሴ ተባለ። እናቴም ወለተ ሐና ተብላ በክርስትና ስሟ ቆረበች፤ አባቴም ከእሷ ቀጥሎ ቆረበ። ከቅዳሴ በኋላ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ቤት ገቡ።

የግራዝማች ዳስ ከኛ ቤት በላይ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሙሽራው ሲገባ የአምባቸው ድምፅ በነፋሱ ይሰማ ጀመር። ሁለቱም ያዳምጣሉ። አንድ ቦታ ላይ አምባቸው ስንኝ ዘሎ ሄደ። እናቴ ልታርመው ይመስል እጇን አነሣች፤ አባቴ አይቷት ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ነጠላውን በአፉ ላይ አጥብቆ ያዘ። ቀጥሎ ዳሱ በእልልታ ተናወጠ። እልል ያስባለው ስንኝ ሙሽራይቱ ከአባቷ ቤት ስትወጣ የሚባለው ነበር። እናቴ አልሳቀችም። የእኔን ጀርባ በማሲንቆው ምት ቸብ ቸብ እያደረገች ቆየች፤ ዘፈኑ ሲያልቅ እጇም አረፈ።

አምባቸው ሲመሻሽ ጠጅ ጠጅ እየሸተተ መጣ።

«ግራዝማች ግጥሙ የማን ነው ብለው ጠየቁኝ፣ እትዬ። የአንቺ ነው ልል ነበር። ግን ስምሽ በዚያ ቤት ዛሬ የሚጠራ አልመሰለኝም።»

«እና?» አለች ከነጠላዋ ሥር።

«የእኔ ነው አልሁ።»

«ይሁን» አለችው።

ከዚያ ወዲህ በቢቸና ትልቅ ሰርግ ሲኖር አምባቸው ከሞጣ ይጠራል። እናቴና አባቴ በድኻ ሰርግና እስከ አምበር ድረስ በእግራቸው እየሄዱ በገበያ ቀን ጠጅ ቤት ዘፈኑ። ሊያዘፍናቸው የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠየቀው ቀኑን ነበር። ዓመት በዓል ሲደርስ ሁለቱም ይቆርባሉ። ሰዉ ቆራቢዎቹ ይላቸው ነበር፤ አንዳንዱ በፌዝ፣ አንዳንዱ በእውነት።

የሰብለ ወንጌልን ግጥም ግን እናቴ አንድ ቀን እንኳ ስትዘፍነው አልሰማሁም። ትልቅ ከሆንሁ በኋላ ለምን እንደማትዘፍነው ጠየቅኋት።

«የአምባቸው ነው» አለችኝ፤ ጥጧን መፍተልም አላቆመች።